የባለወልድ ሥራ

«ውኃው አሁንም ጥቁር ነው?»

ሳሌም መልእክቱን አነበበችና ስልኳን መልሳ ጉልበቷ ሥር ሸጎጠችው። ምን ብላ ትመልስ? አዎ፣ ጥቁር ነው። ትናንትም ጥቁር ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። አስተካክልልሻለሁ ብላ በሰው ፊት ቃል የገባችው ራሷ ናት፤ እስካሁን ግን ፋይሉን ከፍታ አይታ ዘጋችው እንጂ አንድ መስመር አልነካችም።

«ይቺ ልጅ ተኛች መሰለኝ» አለ ይታገሱ፣ የተፈለፈለ ቆረቆንዳ ወደ እግሯ እየወረወረ። ዙሪያውን ተቀምጠው በቆሎ የሚፈለፍሉት ሁሉ ሳቁ።

ይታገሱ የአጎቷ ልጅ ነው። በዕድሜ በአንድ ዓመት ይበልጣታል፣ በምላስ ግን አይደረስበትም። ሳሌም ቆረቆንዳውን መልሳ ወረወረችበትና ሌላ በቆሎ አነሳች። አውራ ጣቷ ውኃ ቋጥሯል። ከፊቷ ያለው ቁልል ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ ያለ አይመስልም።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ነው። እናቷ እህተ ማርያም አስተማሪ ናት፤ ልጇ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ላፕቶፕ ላይ ስትደፋ ማየት ሰልችቷታል። «ይኼ ጨዋታሽ ዓይንሽን ሳያጠፋው ሂጂና አጎትሽን አግዢ፣ ሰውም ታያለሽ» አለቻትና በቡሬ ሚኒባስ አሳፈረቻት። ሳሌም እሺ ብላ ተሳፈረች። ላፕቶፑን ግን በጋቢ ጠቅልላ ከልብሷ መሀል ከተተችው። እናቷ አይታለች፤ አይታም ሻንጣውን ራሷ ዘጋችላት።

የአጎቷ የጋሼ ዓለምነህ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። በዚህ ሰሞን የሁሉም በቆሎ አንድ ላይ ስለሚደርስ ጎረቤቱ የሚፈለፍለው በወንፈል ነው። ዛሬ ተራው የጋሼ ዓለምነህ ነው፤ እዚህ የዋለ ሰው ሁሉ ቀኑ ተቆጥሮ ይመለስለታል። ወንፈል ላይ ስልክ እያወጡ ማየት ነውር እንደሆነ ደግሞ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል።

እናቷ «ጨዋታ» የምትለው ነገር እንዲህ ነው። ሳሌም ጌም አትጫወትም፤ ጌም ትሠራለች። አምና ክረምት ስልኳ ላይ ዝናብ የሚዘንብበት ጌም አየችና ይኼ ዝናብ እንዴት ነው የተሠራው የሚል ጥያቄ ያዛት። ያዛት ማለት እንቅልፍ ነሳት ማለት ነው። የምትጠይቀው ሰው አጣች። ስትፈላልግ ስትፈላልግ ቴሌግራም ላይ «ፒክሰል ሰፈር» የሚባል ቡድን አገኘች። ሰፈርተኛው ከየትም ነው፤ ከሐዋሳ አለ፣ ከጅማ አለ፣ ከደሴ አለ፣ ውጭ አገር የሚኖርም አለ። ተከፍሎት የሚያስተምር የለም። ቀን ባንክ የሚሠራው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ነርሷ፣ ሁሉም ከሥራ መልስ ይገባና ያወቀውን ይዘረግፋል። ሳሌም የመጀመሪያ ኮዷን እየፈራች ስትለጥፍ «ሰባራ ስክሪን» የሚባል ሰው ስህተቷን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣና መጨረሻ ላይ «ቀለም ግን ታውቂያለሽ» ብሎ ጻፈላት። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አታውቅም።

ሰፈሩ በዓመት አንዴ ጌም ጃም ያዘጋጃል። ርዕስ ይሰጣል፤ በሳምንት ውስጥ ከባዶ ተነስተህ የሚሠራ ጌም ታስረክባለህ። ጥሩ ካስረከቡት መካከል ጥቂት ልጆች ይመረጡና «ማጀት» ይገባሉ። ማጀት የውስጠኛው ቡድን ነው፤ እነ ሰባራ ስክሪን አንድ አንድ ልጅ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ቁጭ አድርገው ያስተምሩበታል። ሳሌም ማጀት ለመግባት የማትሆነው የለም። ያልደረሰ ጌም ግን አይቀበሉም፤ ካመለጠ ደግሞ ያው ለከርሞ ነው። የዘንድሮው ርዕስ «ሳይመሽ» ነው። ማስረከቢያው ደግሞ ነገ ማታ።

የሳሌም ጌም ባጃጅ ነው። ሹፌሩ የፊት መብራቱ የተሰበረ ባጃጁን ይዞ ሳይመሽበት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ መድረስ አለበት። ከጎማው ሥር የሚነሳው አቧራ የማታ ፀሐይ ሲያልፍበት ወርቅ ይመስላል፤ ለዚያ አቧራ ስንት ቀን ለፍታለች። ችግሩ፣ ባጃጁ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ግማሽ ቀን ብታገኝ ታስተካክለዋለች።

መልእክቱን የላከችው አደይ ደግሞ የመራዊ ልጅ ናት፣ የሳሌም እኩያ። በአካል ተያይተው አያውቁም። በአደይ ጌም ውስጥ አንዲት ልጅ ሳይመሽ የመስኖ ውኃ ከቦይ ቦይ እየቀየረች የጎረቤት ማሳ ታጠጣለች። አደይ በምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ ውኃው ያምራል፤ ሰማዩ ይታይበታል። የሳሌም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ግን ከሰል ነው። አደይ በራሷ ስክሪን የማታየውን ስህተት አድና ልትይዘው አትችልም፤ ሳሌም ግን ታየዋለች። ለዚህ ነው በሰፈሩ ሁሉ ፊት ደረቷን ነፍታ «ለኔ ተዪው» ያለችው። ኮምፒውተሩ የአደይ ወንድም ነው፤ ከነገ ወዲያ ይዞት ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አደይ ጌም የምትሠራበት ነገር የላትም። ይኼንንም ሳሌም ታውቃለች፤ ማወቋ ነው የሚያስጨንቃት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወንፈሉ ተበተነ። ሳሌም እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ ወደ ጓዳ ሮጠች። ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰክታ ብዙም ሳትቆይ መብራት ሄደ። ይታገሱ ወጥቶ የጎረቤቱን አምፖል አየና ተመለሰ፤ የሁሉም ጠፍቷል፤ ባለፈው እንዲህ ሲሄድ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው ብሎ እንደ ቀልድ ነገራት። ባትሪው ግማሽ አልሞላም። አሮጌ ባትሪ ነው፤ ግማሽ አለኝ ሲል ሩብ አለኝ ማለቱ ነው።

ሳሌም ላፕቶፑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ለባጃጁ ቢውል ለውኃው አይተርፍም፤ ለውኃው ቢውል ለባጃጁ አይተርፍም። ባጃጁን አስነሳችው። መታጠፊያው ላይ ሰመጠ። እንደገና አስነሳችው። ሰመጠ። ይኼን ስታደርግ የጋሼ ዓለምነህ ሚስት እትዬ ደጊቱ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋት እንደነበር አላወቀችም።

«እናትሽ ጨዋታ የምትለው ይኼን ነው?» አሉ እትዬ ደጊቱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን ጨዋታ አለው! የሚጫወት ሰው ከንፈሩን አይነክስም። ቀን በበቆሎው እንኳ እንዲህ አልደከምሽም። ይኼ ሥራ ነው።»

ሳሌም ቀና ብላ አየቻቸው። ከዘመዶቿ አንድ ሰው ይቺን ቃል እንዲላት ዓመት ሙሉ ጠብቃለች። እናቷ አላለችም፣ አስተማሪዎቿ አላሉም፤ እነሆ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት እትዬ ደጊቱ ከበር ላይ ቆመው አሉት።

«ሥራ ስለሆነም ለነገ ዝጊው» አሉ እትዬ ደጊቱ ቀጥለው። «ነገ ባለወልድ ነው። በዚህ ቤት በባለወልድ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም፤ ባንቺም አይጀመርም፣ የኔ ልጅ።»

ይህን ብለው እራት ሊያቀርቡ ሄዱ። ሳሌም ደስ ይበላት ወይ ታልቅስ አላወቀችም።

ይታገሱ ጥግ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ጠጋ ብሎ ፋራ አትሁኚ አላት። ፋራ ብሎ የሚጠራት ሰው በዚህ ምድር ይታገሱ ብቻ ነው፤ ከተሜዋ እሷ ሆና።

«ጨዋታ ነው በያቸው፣ አለቀ። እናትሽ ራሷ ጨዋታ ነው ትል የለ? ጨዋታ በበዓል አይከለከልም። እኛስ በባለወልድ ኳስ እንጫወት የለም እንዴ?»

እውነቱን ነው። አንድ ቃል ናት። እራት ላይ እትዬ ደጊቱ ዘወር ባሉ ቁጥር ሳሌም አፏን ከፈተች፣ አፏንም መልሳ ዘጋች። ጨዋታ አይደለም ብላ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ከርማ፣ አንድ ሰው አዎ ሥራ ነው ባላት በዚያችው ሰዓት ጨዋታ ነው ትበል? ቃሉ ከአፏ ሊወጣ እምቢ አለ። ተናዳ ተኛች። በማን እንደተናደደች ግን አታውቅም፤ በባለወልድ መናደድ ደግሞ ያስፈራል።

በነጋታው ከቅዳሴ መልስ ይታገሱና የመንደሩ ልጆች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ እማሆይ ቤት አቀኑ። እማሆይ ባልም ልጅም የሌላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ መነኩሲት ናቸው። ሳሌም ሊጠይቋቸው የሚሄዱ መስሏት ተከተለች። ደጃቸው ላይ የእማሆይ በቆሎ ተቆልሎ ስታይ፣ ልጆቹም ምንም ሳይባባሉ ዙሪያውን ተቀምጠው መፈልፈል ሲጀምሩ ክው አለች።

«ዛሬ ባለወልድ አይደል እንዴ?» ብላ ወደ ይታገሱ ጆሮ ተጠጋች።

«ለአቅመ ደካማ አይከለከልም። እንደውም የሚሠራው በበዓል ነው፤ በሌላ ቀን ሁሉም ወንፈል አለበት።»

«ታዲያ ይኼስ ወንፈል አይደለም?»

ይታገሱ ቀና ብሎ አያት፤ በዚህ ጊዜ አላሾፈባትም። እማሆይ በምን እጃቸው ይመልሳሉ ብሎ ጠየቃት። የበዓል ሥራ አይቆጠርም፣ አይመለስም፤ እገሌ ዋለልኝ እገሌ ቀረብኝ አይባልበትም።

ሳሌም ተቀመጠች። የቆሰለው አውራ ጣቷ እያቃጠላት ትፈለፍል ጀመር። እማሆይ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ዞሩና የሁሉንም ራስ እየዳበሱ መረቁ። የማንንም ስም አልጠየቁም። በመሀል ስልኳ ነዘረ። ዞር ብላ አየችው፤ አደይ ናት።

«ወንድሜ ሻንጣውን እያስተካከለ ነው። ካልተመቸሽ ችግር የለውም፣ እንዳለ አስረክበዋለሁ። ምናልባት ዳኞቹ ጋ ላይጠቁር ይችላል።»

ችግር የለውም የሚለው ቃል ከሁሉ አሳፈራት። አደይ ብትቆጣ፣ ቃል ገብተሽልኝ አልነበረም ወይ ብትል ይቀላት ነበር። ሳሌም ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። በቆሎው እስኪያልቅ ጠብቃ ከሁሉም ቀድማ ወደ ቤት ሮጠች።

ጋሼ ዓለምነህ ከቤታቸው ጥላ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳሌም ፊታቸው ቆማ እጇን አፍተለተለች። እንደምንም ብላ ለሌላ ሰው የሚሠራ ሥራ ቢኖራት በዛሬው ቀን ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ይህን ስትጠይቅ አደይ አፏ ላይ ብቻ ነበረች፤ ሆዷ ውስጥ የነበረው ባጃጁ ነው። ላፕቶፑ አንዴ ይከፈት እንጂ የሚለው ሐሳብ መንገዱን ሙሉ ሲከተላት ነበር የመጣው።

ጋሼ ዓለምነህ የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቋት። የመራዊ ልጅ ናት አለቻቸው፤ በአካል አይታት እንደማታውቅ ስትነግራቸው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ከዚያ ልጅቱ ምን እንደቸገራት ጠየቁ። ሳሌም ስለ ውኃው ነገረቻቸው፣ ስለ ወንድሟ ኮምፒውተር ነገረቻቸው፤ ነገ ከሄደ እንደማይመለስም ነገረቻቸው። ሲሰሙ አላቋረጧትም።

«በሬዋን ነገ ሊወስዱባት ነው በይኛ» አሉ በመጨረሻ። «ማሳዋ ደግሞ አላለቀም።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንቺስ ከሷ ምን ታገኛለሽ?»

ሳሌም አሰበች። «ምንም» አለች።

«እንግዲያው ለሷ ከሆነ ሥሪ። ለራስሽ ከሆነ ነገም ቀን ነው።» ከመደቡ ተነሱና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እዚህ ቤት ያን ማሽን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የቱ የሷ የቱ ያንቺ እንደሆነ ማንም ቆሞ አያይሽም። አንቺና ባለወልድ ተነጋገሩ።»

ይኼን ብለው ጎረቤት ሊጠይቁ ወጡ።

ሳሌም በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ቦታ ፈልጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፑን ከፈተች። የባትሪው ምልክት ከትናንቱም ወርዷል። ጣቷ ሳታዘው ሄዶ የራሷን ፋይል ከፈተ። ባጃጁ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል። ሌሊት ስትገላበጥ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ለምን እንደሚሰምጥ ሳይገባት አልቀረም፤ መንገዱ ሲታጠፍ የመሬቱን ከፍታ የሚጠይቀው መስመር የድሮውን መሬት ነው የሚጠይቀው። አሁን ብትጀምር ባትሪው ሳያልቅ ትጨርሳለች። ከዚያ ፋይሉን ስልኳ ላይ ገልብጣ፣ ኔትወርክ በደንብ ወደሚይዝበት ኮረብታ ወጥታ ታስረክባለች። ከዚያ ማጀት። ለአደይ ደግሞ አዝናለሁ፣ መብራት ሄደብኝ ትላታለች፤ መብራቱም በእርግጥ ሄዷል። አደይ ችግር የለውም ትላታለች። ያን ከአሁኑ ታውቀዋለች።

«ለልጅቱ ነው አይደል?» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ። እትዬ ደጊቱ ናቸው። ጋሼ ዓለምነህ ሲወጡ ነግረዋቸዋል ማለት ነው።

«አዎ፣ እትዬ፣ ለልጅቱ ነው» አለች ሳሌም።

ባጃጁ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ እንደቆመ ነው ይህን ያለችው። ጆሮዋ ጋለ። እትዬ ደጊቱ ገብተው ያዩ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አልገቡም። ደጁ ላይ የሚንጫጩትን ሕፃናት ወዲያ ሂዱ፣ የሰው ሥራ ይዛለች ሲሉ ሰማቻቸው። ከዚያ የዶሮዎቹ ኮቴ እንኳ ራቀ። ግቢው ሁሉ ለአደይ ሲባል ጸጥ አለ።

ሳሌም ባጃጁን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። አቧራው በእርግጥ ያምራል። ፋይሉን ዘጋችው። ሲዘጋ አለቀሰች፤ ብዙ አይደለም፣ በነጠላዋ ጫፍ የሚጠረግ ያህል ነው። ከዚያ የአደይን ውኃ ከፈተች።

ጥቁር ነው።

ስክሪን ላይ ያለችን እያንዳንዷን ነጥብ ምን ቀለም ትሁን ብሎ የሚያዝ ትንሽ ፕሮግራም ሼደር ይባላል። ሼደር አይናገርም፤ ቢሳሳትም ስህተቴ ይኼ ነው አይልም። ሰባራ ስክሪን ያስተማራት ዘዴ ግን አለ፤ የጠረጠርሽውን ቦታ ቀይ ቀቢው ብሏታል። ቀዩ ከታየ እስከዚያ ድረስ ሰላም ነው፤ ካልታየ ሌባው ከዚያ በላይ ነው። ሳሌም የሞገዱን ስሌት ቀይ ቀባች፤ ቦዩ ሁሉ ደም መሰለ። ሰላም ነው። የሰማዩን ቀለም ቀባች። ሰላም ነው። የፀሐይዋን ነጸብራቅ የምታሰላዋን መስመር ስትቀባ ቀዩ ግማሹ ቦይ ላይ በራ፣ ግማሹ ላይ ጠፋ።

«አገኘሁህ!»

ከዚያ በኋላ ያለው ልብ የሚያደርቅ ነበር። ቁጥሮቹን በየተራ ቀየረች፤ የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው በችኮላ አንድ ቅንፍ ሳትዘጋ ቀረችና ጌሙ ጨርሶ አልነሳ አላት፤ እሱን ፍለጋ ሌላ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ተገለጠላት። የብርሃኑን መጠን የሚይዘው ቁጥር የሞገዱ ጎን ከፀሐይዋ ሲዞር ከዜሮ በታች ይወርዳል። የአደይ ወንድም አዲስ ማሽን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ የሳሌም አሮጌ ማሽን ግን ግራ ይገባውና ጥቁር ይቀባል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ በለው።

ጻፈችው። አስነሳችው። ቦዩ ውስጥ ሰማይ ገባ፤ የማታ ሰማይ፣ ብርቱካናማ፣ በቀስታ የሚወዛወዝ። ልጅቷ አካፋዋን ይዛ ዳር ላይ ቆማለች፤ ጥላዋም ውኃው ላይ ይታያል። ሳሌም አንዴ እንኳ በወጉ ሳታየው ስክሪኑ ድርግም አለ። ባትሪው አለቀ።

ግድ የለም፤ መስመሯን በቃሏ ይዛታለች። ስልኳን ይዛ ወደ ኮረብታው እየሮጠች ወጣች። እንዳትረሳት በየእርምጃው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ያየ ሰው ጸሎት ይመስለው ነበር። አናቱ ላይ ስትደርስ በጣቷ አንድ በአንድ ለቅማ ጻፈችና ላከችው። የት ቦታ እንደምትገባም ነገረቻት።

አደይ መለሰች።

«አስገባሁት። እኔ ጋ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ያው ነው።»

«እኔ ጋ ተለውጧል። ሰማይ ይታያል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይቼዋለሁ። አስረክቢው።»

ሳሌም ተቀምጣ ጠበቀች። ከታች አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ ከቡሬ በኩል መጥቶ ወደ መንደሩ የሚወስደውን የአፈር መንገድ ታጠፈ። አቧራው ተነሳ፣ ፀሐይዋ አለፈችበት። ሳሌም ያሰበችው ወርቅ ነበር፤ ከወርቅ ይልቅ ግን የበቆሎ ዱቄት ይመስላል፤ ደብዘዝ ያለ፣ ከታች ወፍራም፣ ከላይ የሳሳ። ሳታስበው ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ ቀለሙን ያዘችው። ለከርሞ ይሆናታል።

ስልኳ ነዘረ።

«አስረከብኩ! ተቀበሉኝ!» ብላለች አደይ። ወዲያው ሌላ ተከተለ። «ያንቺ ባጃጅስ? ደረሰ?»

ሳሌም መለሰችላት።

«አልደረሰም። መሽቶበታል።»

አደይ መጻፍ ጀመረች፣ አቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ምን ልትል እንደሆነ ሳሌም ገምታዋለች፤ ብትቀድማት ደስ ይላት ነበር፣ ጣቷ ግን ቆስሏል።

«በኔ የተነሳ ነው አይደል? ሳሌምዬ፣ ትልቅ ብድር አለብኝ። በምን እንደምመልስልሽ አላውቅም።»

ከመንደሩ በኩል ይታገሱ ስሟን እየጠራ ነው፤ ነገ የጎረቤቶቻችን የነወንዳወቅ በቆሎ ነው፣ ወንፈል ይመለሳል፣ በጠዋት ትነሻለሽ ይላታል። ሳሌም መጣሁ ብላ እጇን አውለበለበችለትና ኮረብታውን እየወረደች በደህናው ጣቷ ጻፈች።

«የለብሽም። ዛሬ ባለወልድ ነው።»